ማይክ የማይነፈገው ሰው

በዚያች ከተማ ስብሰባ ሲጠራ ሕዝቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው ፀጉር አስተካካዩ መምጣት አለመምጣቱን ነው። እሱ ከመጣ ስብሰባው መልክ አለው፤ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልስ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል፣ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። እሱ ካልመጣ ግን ማንም ያላሰበው ሰው ተነስቶ ማንም ያላሰበውን ነገር ይዘበዝብና ነገር ይንዛዛል። በዚህ የተነሳ «አፈ ጉባኤው» የሚል ስም ወጣለት። ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር። እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከንቲባው ቢሮ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ አለ። ገና ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል፣ ያገኘውን ሁሉ «አባቴ»፣ «እናቴ» እያለ በምላሱ ያለሰልሳል። ከበላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር በስብሰባው ዕለት ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቱ ጎራ ብሎ ፂሙን ይላጫል። አረፋው ጉንጩ ላይ እንዳለ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ «የዛሬዋ እንዲህ ናት» ይለዋል። ጥያቄዋ ማለቱ ነው። መልሷ ቀድሞ የተሰናዳ ጥያቄ። መንገድ ሊሠራ ኮንትራቱ ተፈርሞ ያደረ እንደሆነ «መንገዳችን መቼ ነው የሚሠራልን?» ናት፤ አዲስ አምፖል መጥቶ መጋዘን የገባ እንደሆነ «ጨለማው መረረን» ናት። አፈ ጉባኤው ይይዛታል፣ ከራሱም ቅመም ጣል ያደርግባታል፣ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠርጎ ይለቃታል። ድምፁ መረዋ ነው። ማይክ ባይኖርም እስከ በሩ ይደርሳል። ባለሥልጣኑም «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ምን ያቅተዋል፣ የራሱ ጥያቄ!

ምን ሊያገኝበት ያደርገዋል ለሚል ሰው፣ ምንም አያገኝበትም። መደመጥ ብቻ። ስምንተኛ ክፍል ሳለ የጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና እንዲያነብ ተመርጦ አንድ ቃል ተደናቀፈበት፤ ዲሬክተሩ ደግሞ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት «ለዚህ ልጅ ድምፅ እንጂ ጭንቅላት አልተሰጠውም» አለ። ተማሪው ሳቀ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ ደብተሩን ጥሎ መቀስ ያዘ። ዲሬክተሩ አሁን ጡረታ ወጥቶ ፀጉሩን እዚያው ይስተካከላል፤ ያላትን ቃል ፈጽሞ ረስቷታል። የተማረ ሰው ሲሰድብ እንኳ የሰደበውን አይመዘግብም። አፈ ጉባኤው ግን ማጅራቱን በምላጭ ባጠራለት ቁጥር ያስታውሳታል።

ከክልል ትልቁ ሰውዬ ሊመጣ ነው በተባለበት ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ ታናሽ እህቱ ፀጉር ቤቱ ገባች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ሽርጧን አላወለቀችም፣ ክንዷ ላይ ዱቄት አለ። ወንበሩ ላይ ደንበኛ ነበረ።

«ጋሼ፣ ሰውዬውን ጨርስና ላናግርህ» አለች።

ደንበኛው ግማሽ ጎኑ ገና ቢሆንም ፊቷን አይቶ «ነገ ትጨርስልኛለህ» ብሎ ወጣ። ግማሽ ፀጉሩን ይዞ።

«ምን ሆነሻል?»

«እጁ አለቀ።»

«የማን እጅ?»

«የልጄ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?»

ልጇ በወጣት እስረኞች ማቆያ ነው ያለው። ጓደኞቹ የሰረቁትን ሞተር ሳይክል ሲገፋ ተይዞ ነው፤ እሱ ነዳጅ ያለቀባቸው መስሎኝ ነው ይላል፤ ዳኛው ደግሞ እስኪሰማው ድረስ እየቆየ ነው፤ ለቀጠሮው ቀን አንዴ መኪና ይጠፋል፣ አንዴ አጃቢ ይጠፋል። ማቆያው ውስጥ የውኃ መሳቢያው ሞተር ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ልጆቹ በባልዲ እየቀዱ በመሰላል ወጥተው ነው ጋኑን የሚሞሉት። መሰላሉ ከድቶት ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ፣ መዳፉን ደግሞ የዛገ ቆርቆሮ ቀደደው።

«በጨርቅ ነው የጠቀለሉት» አለች። «ዛሬ ለጥየቃ ብሄድ እጅጌውን ስቦ ይደብቅብኛል። ግድ ብዬ ገለጥኩት። ጋሼ፣ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ይሸታል። የልጄ እጅ ይሸታል።»

«ሐኪም አላየውም?»

«ማን ያሳየው! ጥበቃውን ብለምን ኃላፊውን አለኝ። ኃላፊውን ብለምን ማቆያው የክልል ነው፣ ያለ ክልል ፈቃድ ልጅ ከበር አይወጣም አለኝ። ክልል ቅርንጫፍ ሄድኩ፤ ሕክምና የከተማው ነው አሉኝ። ከንቲባው ቢሮ ሄድኩ፤ በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጥፍሯን እየሞረደች ማቆያው የክልል ነው እማማ አለችኝ። እማማ! በዕድሜ ብንቆጥር እኩያዋ ነኝ። ሲያስሩት ባለቤት ነበረው ልጄ፤ ሲታመም ነው ባለቤት የጠፋው?»

አፈ ጉባኤው ማበጠሪያውን አንስቶ አስቀመጠ፣ አስቀምጦ አነሳ።

«ነገ ሁለቱም አንድ መድረክ ላይ ናቸው» አለች እህቱ። «የክልሉም የከተማውም። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ወደ አንዱ ሊገፋው አይችልም። እኔ እጄን ባወጣ ማይክ አይሰጡኝም፤ አንተን ግን አይነፍጉህም። እስከ ዛሬ የነሱን ስትጠይቅ ኖረሃል። አንዲት ቀን የእኛን ጠይቅልኝ።»

«የነሱን» ያለቻት ቃል ወጋችው። ለካ ታውቃለች። ለካ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ዱቄት የነካውን ክንዷን ይዞ «እጠይቃለሁ። የእናታችንን አፈር!» አላት።

በማግስቱ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነቱ እያፏጨ መጣ። ተቀመጠ። አረፋ ተቀባ።

«የዛሬዋ ልዩ ናት አባቴ» አለ። «ስለ ማቆያው ናት።»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ።

«ልጆቻችን በማቆያው በጥሩ ሁኔታ መያዛቸውን አይተናል፤ ከዚህ በተጨማሪ የእጅ ሙያ የሚማሩበት መንገድ ምን ታስቧል? በቃ ይችው ናት። የልብስ ስፌት ማሽን ገብቷል፤ ትልቁ ሰውዬ ያበስሩታል።»

«የእህቴ ልጅ እኮ እዚያ ነው» አለ አፈ ጉባኤው።

«አውቃለሁ! ለዚህ አይደል ከእርስዎ አፍ ስትወጣ የምታምረው? የቤተሰብ ድምፅ ነው።»

«እጁን ታሟል ልጁ። ክፉኛ።»

ወጣቱ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ፈገግታው አልጠፋም፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር አደባባይ ከወጣ የኃላፊዎቹ ልብ ይደነድናል። ከዚያ ንዴታቸውን ማን ላይ ይወጣሉ? ልጁ ላይ። ስብሰባው ያልቃል፣ እኔ ራሴ ከትልቁ ሰውዬ ጋር ለብቻ አገናኝዎታለሁ፣ በአንድ ስልክ ያልቃል።» ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ ጨመረ፦ «ደግሞ ዛሬ በሬዲዮ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ድምፅዎ ክልሉን ሁሉ ይዞራል።»

ወጣቱ ሲወጣ አፈ ጉባኤው ከራሱ ጋር ተማከረ። ሁለቱንም እጠይቃለሁ አለ። የነሱን ላስቀድምላቸው፤ ጆሯቸው ይከፈታል፤ ወዲያው የእህቴን አስከትላለሁ። ለራሱ ሲነግረው ብልሃት መሰለው። ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳውን ተደግፏል። መድረኩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል፤ ከተማው ሁሉ ባልዲ ይዞ በሚሰለፍበት ሰሞን። መሐል ላይ ትልቁ ሰውዬ፤ ከጎኑ ከንቲባው፤ ዳር ላይ ከጤና ቢሮ የመጣች አንዲት ሴት፣ አንድም ቃል ያልተናገረች። አፈ ጉባኤውን ፊተኛው ረድፍ አስቀመጡት። ሁለት ወንበር አልፎ የድሮው ዲሬክተር ከዘራውን ጉልበቱ መሐል ተክሎ ተቀምጧል። እህቱ ኋላ በሩ ጋ ቆማለች፤ ነጭ ሽርጧ ከሩቅ ይታያል።

ማይኩ መጣ። ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። መድረኩ ሥር የተተከለችው ካሜራ ቀይ መብራቷ ስትበራ አያት።

«እኔ እንደ አንድ ነዋሪ፣ እንደ አንድ ቤተሰብ» ብሎ ጀመረ፤ ቅመሟን ከራሱ መጨመሩ ነው። «ልጆቻችን በማቆያው በጥሩ ሁኔታ መያዛቸውን በዓይናችን አይተናል...»

በዓይናችን። ያቺን ማንም አልሰጠውም። አፉ ነው ያመጣት።

ጥያቄዋን ጨረሰ። ሁለተኛውን ሊያስከትል ትንፋሽ ሲወስድ ትልቁ ሰውዬ ቀደመው። «ወደ መልሱ ከማለፌ በፊት» አለ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ፣ «በየከተማው ዞሬ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ። ይሄ ግን የተማረ፣ አርቆ የሚያስብ ሰው ጥያቄ ነው።»

ጭብጨባ ሆነ። የድሮው ዲሬክተር ከዘራውን ወደ ጎን አድርጎ አጨበጨበ። ዞሮም አየው፤ ራሱን በአክብሮት ዝቅ አደረገለት።

ያቺን ደቂቃ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። የጠማው ሰው ውኃ ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ አይረሳ? እንደዚያ ሆነ። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ጥያቄዋ ምላሱ ላይ ነበረች። ማይክ የምታዞረው ልጅ እጇን ዘረጋች። ሰጣት። ማንም አልቀማውም። ራሱ ሰጣትና ተቀመጠ።

ትልቁ ሰውዬ ስለ ስፌት ማሽኖቹ መናገር እንደጀመረ ነው ከኋላ የመጣው። «ልጄ እጁ እየበሰበሰ ነው!»

አዳራሹ አንገቱን አዞረ።

«እናቴ፣ በሥርዓት» አለ መድረክ መሪው፣ «እጅዎን አውጥተው...»

«እጅ ማውጣትማ ልጄም አልቻለ! መሰላል ላይ ሰቅላችሁ ጣላችሁት፤ አሁን የክልል ነው የከተማ ነው ትሉኛላችሁ። ይኸው ሁለታችሁም አላችሁ። የማን ነው? ንገሩኝ!»

ትልቁ ሰውዬ ወደ ከንቲባው ጎንበስ አለ። «የሕክምናው ጉዳይ እንግዲህ በከተማ ደረጃ...» ከንቲባውም ወደ ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ አለ። «አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለክልል ከመሆኑ አንጻር...» ለጥቂት ጊዜ፣ በር ላይ ተገናኝተው «ይለፉ»፣ «የለም እርስዎ ይለፉ» እንደሚባባሉ ጨዋዎች፣ ልጁን ተገባበዙት። ከተሰብሳቢው አንዱ ሳቅ አለ። ሌላው ቶሎ ሳቁን አነቀው። እዚያች ላይ ሁለቱም ባለሥልጣኖች ተይዘው ነበር። አንድ ሰው ከፊት ተነስቶ «እውነቷን ነው» ቢል አለቀላቸው ነበር።

ትልቁ ሰውዬ ውኃ ጠጣ። «ክቡራን ነዋሪዎች፣ ቅድም የተናገሩት አባት ልጆቹ በጥሩ ሁኔታ መያዛቸውን በዓይናችን አይተናል ብለዋል። እኛ ማንን እንመን?»

«ወንድሟ እኮ ነው!» አለ አንዱ ከመሐል። ሳቅ ሆነ።

«ወንድም ነዎት?» አለ ትልቁ ሰውዬ። «እንዲያውም ጥሩ። አባቴ፣ እህትዎ የሚሉት ትክክል ነው?»

ማይኩ ተመልሶ መጣ። አፈ ጉባኤው ተነሳ። ፊት ለፊቱ ቀይዋ መብራት። በጎኑ የዲሬክተሩ ፊት፤ አክብሮቱ ገና አልጠፋም፣ ግን እየጠበቀ ነው። ትክክል ነው ካለ ቅድም ያለው ውሸት ነው። በሰልፉ ፊት ሊደናቀፍ ነው፣ እንደገና። ወደ በሩ አላየም።

«እንግዲህ... እናት ናት» አለ በመረዋ ድምፁ። «የእናት ሆድ ሲጨነቅ ትንሿንም ያጋንናል።»

አዳራሹ በለሆሳስ ሳቀ፤ ሰው እፎይ ሲል የሚስቀውን ዓይነት። አፈ ጉባኤው ሲቀመጥ ነው ወደ በሩ የዞረው። እህቱ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሽርጧን ከወገቧ ፈታች፣ በጥንቃቄ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና ወጣች።

ከስብሰባው በኋላ ጉብኝት ነበረ። አፈ ጉባኤውን የነዋሪው ተወካይ ብለው ሁለተኛው መኪና ውስጥ ጫኑት። አሁን አነጋግራለሁ፣ አሁን ለብቻ እነግረዋለሁ እያለ ሄደ። ትልቁ ሰውዬ ግን በፊተኛው መኪና ነበር፤ የሕዝብ ግንኙነቱም ስልኩ ላይ ተጠምዶ «ይደርሳል አባቴ፣ ይደርሳል» ብቻ ይለዋል።

ማቆያው ግቢ ውስጥ ልጆቹ ተሰልፈው ነበር፤ ፀጉራቸው እርጥብ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ። የስፌት ማሽኖቹ ላስቲካቸው ሳይወልቅ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። መጋዘኑ መስኮት ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ተቀምጦ ዘፈን ይለቃል።

አፈ ጉባኤው ሬዲዮውን ሲያይ ነገሩ ገባው። ልጆቹን እዚህ አቁመው አሰምተዋቸዋል። ስብሰባውን በሙሉ።

ትልቁ ሰውዬ ልጆቹን ልጨብጥ አለ፤ ካሜራው አለ። በተርታ እየጨበጠ ሲሄድ አንዱ ግራ እጁን ዘረጋለት። ቀኙ እጅጌ ውስጥ ነው።

«በግራ ነው እንዴ ትልቅ ሰው የሚጨበጠው?» አለ ትልቁ ሰውዬ በቀልድ። «እናትህ አላስተማረችህም?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። አፈ ጉባኤው ከእንግዶቹ መሐል ወጣ።

«ቀኙን ታሞ ነው» አለ። «የእህቴ ልጅ ነው። አሳያቸው፣ ልጄ።»

ልጁ ቀና አለ። ከስቷል። ያየው እንደ አጎት አልነበረም፤ መንገድ ላይ እንደተላለፈው ሰው ነው።

«ደህና ነኝ» አለ።

«አሳያቸው እንጂ! አትፍራ።»

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ።» ከዚያ ድምፁን አወፍሮ፣ ቃሉን ጎተት እያደረገ፣ ቁጭ አፈ ጉባኤውን መስሎ፣ «የእናት ሆድ... ትንሿንም ያጋንናል» አለ።

ሰልፉ ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ፍርስ አለ። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። የማቆያው ኃላፊ ገላመጣቸው፣ ግን እሱም ከንፈሩን እየነከሰ ነው። አፈ ጉባኤው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አልተከፈተችም፤ የታጠበ ሲሚንቶ ነው።

«ዋሽቻለሁ» አለ።

ማንም አልሰማውም። ያ እስከ በር የሚደርስ ድምፅ አጠገቡ ያለው ሰው ጋ እንኳ አልደረሰም።

«ምን አሉ አባቴ?» አለ ትልቁ ሰውዬ።

«ዋሽቻለሁ! አላየሁም። ምንም አላየሁም። እሷ ናት ያየችው። ጥያቄውን ዛሬ ጠዋት ይሄ ልጅ ነው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የሰጠኝ» ብሎ ወደ ሕዝብ ግንኙነቱ ጠቆመ። «በዓይናችን የምትለዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት።»

የሕዝብ ግንኙነቱ ሳቀ፣ ዙሪያውን አየ፣ መሳቁን ተወ።

አፈ ጉባኤው ሌላ ነገር ሳያስብ የልጁን እጅጌ ያዘና ወደ ላይ ገለጠው። ልጁ ጮኸ። ያን ጩኸት የሰማ ሁሉ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ጨርቁ ከቁስሉ ተጣብቋል፤ ሽታው ወጣ። ካሜራ የያዘው ልጅ ማንም ሳያዘው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

ከጤና ቢሮ የመጣችው ሴት እስከዚያ ድረስ ከሁሉ ኋላ ነበረች። ሰው እየገፋች መጣች፣ ግንባሩን ነካች፣ ጣቶቹን አየች። «ይሄ ልጅ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሄዳል» አለች።

«በእርግጥ፣ በእርግጥ» አለ ከንቲባው። «የክልል ፈቃድ በስልክ ከተገኘ...»

«ፈቃዱ ችግር የለውም» አለ ትልቁ ሰውዬ። «የከተማው አምቡላንስ...»

«አምቡላንሱ እንኳ ጥገና ላይ ነው።»

ሦስት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ ለማንም መልስ ሳትሰጥ የትልቁን ሰውዬ መኪና በር ከፈተች፣ ልጁን አስገባች። ሾፌሩ «ወንበሩ...» ብሎ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ዋጠው።

«ቤተሰብ አለህ ከተማ ውስጥ?» አለችው።

«እናቴ አለች» አለ ልጁ። «ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው።»

አጎቱ በሩን ይዞ ቆሟል። ልጁ አላየውም፤ ወይም አይቶ ዘለለው። በሩ ተዘጋ። መኪናው ሲወጣ አፈ ጉባኤው በአቧራው ውስጥ በእግሩ ተከተለው። የሚጭነው አልተገኘም፤ እሱም ጫኑኝ አላለም።

ሆስፒታሉ ሲደርስ ልጁ ገብቷል። ኮሪደሩ ውስጥ እህቱ ከፊት ለፊቱ መጣች፤ በእጇ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛለች፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የለም ብሏት ከውጭ ልትገዛ ነው። «እኔ ልግዛ፣ አምጪ» አላት። እንደ ወንበር፣ እንደ ባልዲ፣ በጎኑ ዞራው አለፈች።

እሱም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ጭንቅላቱን በፋሻ የታሰረ፣ ትራሱን ይዞ ከክፍሉ የወጣ አንድ ሽማግሌ ነበረ።

«ቅድም በመኪና የመጣው ልጅ የቱ ክፍል ነው የገባው?» ብሎ ጠየቀው።

ሽማግሌው ጆሮውን ቀሰረ። «ቆይ ቆይ! ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ። በሬዲዮ የጠየቁት ሰውዬ አይደሉም? ስለ ማቆያው! እኔማ እዚሁ ተኝቼ ስሰማ ለልጄ ምን አልኳት፣ እንዲህ ያለ አምስት ሰው ቢኖረን አልኳት።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ኧረ እርስዎ ነዎት!»

አፈ ጉባኤው ድምፁ እንዳያጋልጠው ራሱን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሽማግሌው አልፎ አልፎ ሰረቅ አድርጎ ያየዋል። «እንዴት ያለ መመሳሰል ነው» ይላል ለራሱ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ወጣች። «ከማቆያው የመጣው ልጅ ቤተሰብ ማነው?»

ኮሪደሩ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ አፈ ጉባኤው። «አጎቱ ነኝ። የእናቱ ወንድም።»

ከፋሻው ሥር የሽማግሌው ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። ትራሱን አንስቶ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋ፤ መሐላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ሆነ።

«እጁ ይተርፋል» አለች ነርሷ። «ሁለት ጣት ግን ይቆረጣል፤ ሌላ መንገድ የለም። እናቱ መጥታ ትፈርም። ይንገሯት።» በሩ ተዘጋ።

ይንገሯት። ተነስቶ ቆመ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ እህቱ የመድኃኒት ላስቲክ ይዛ ብቅ አለች፤ እየሮጠች ነው። እሱን ስታየው ቆመች። ዓይኑን ልትሸሸው ፈለገች፣ ግን ከሱ ሌላ የምትጠይቀው አልነበረም።

«ምን አሉ?»

«እጁ ይተርፋል» አለ። ቸኩሎ መልካሙን ማስቀደሙ ራሱ አሳፈረው። «ሁለት ጣቶቹ ግን... ይቆረጣሉ አሉ።»

ላስቲኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«የትኞቹ?»

አፈ ጉባኤው አፉን ከፈተ። በሩን አየ፣ እህቱን አየ።

«አልጠየቅኩም» አለ።